ከልጄ ኋላ ተቀምጬ

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው ጥቅምት፣ በ66 ዓመቴ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድ እስከ ሎስ አንጀለስ በሞተር ብስክሌት ልጓዝ ነው። የምነዳው እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ነው። እኔ ከኋላው ነኝ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይቆጣል። የዕድራችን ሴቶች «በስተርጅና ምን ነካሽ?» አሉኝ። ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደግሞ «አውሮፕላን ጠፋ? አንድ ሰዓት ተኩል እኮ አይፈጅም!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

እኔ ግን ማቀዴን አልተውኩም። ሦስት ወር ሆነኝ። ካርታ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ፣ መነጽሬና አንድ ባለ መስመር ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ እንደተዘረጉ ከርመዋል። ሰው እንደሚያስበው አብጄ አይደለም፤ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ሙያዬ ነርስነት ነው። በ1973 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ጋሞ ጎፋ፣ ጨንቻ አካባቢ ነበር። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን ገና መጀመሩ ነው። ኩፍኝን፣ ፖሊዮን፣ ትክትክን፣ ዘጊ አናዳን፣ መንጋጋ ቆልፍንና የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል በየገጠሩ እየዞርን እንከትባለን። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻል። መኪና የለንም፤ የነበረን አንድ ያማሃ ሞተር ነው። ሳኒተሪያኑ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እፈናጠጣለሁ፣ በረዶ የታሸገበት የክትባት ሣጥን በመካከላችን ይሆናል። ሳኒተሪያኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሌ ሆነ። ጓደኞቻችን በሠርጋችን ዕለት «እንኳን ያ ሣጥን ከመካከላችሁ ተነሣ» እያሉ ቀልደውብናል።

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ሲሰሙት ቅርብ ነው፤ ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር የሚወጣ አቀበት ነው። ታች ያለው ሙቀት ሹራብ ያስወልቃል፤ ዶርዜ ሲደረስ ጉሙ ይቀበላል፤ ጨንቻ ሲገባ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ዘወር ብሎ ላየ ሰው አባያ ቡናማ ሆኖ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ከእግር ሥር ተኝተዋል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ አለ። ባሌ እየነዳ «እኔ መንገዱን ነው የማየው፤ አንቺ ሐይቁን እይልኝና ስንደርስ ትነግሪኛለሽ» ይለኝ ነበር። በእውነትም ስንደርስ ይጠይቀኛል። ጀልባ ነበር? ውሃው ምን ይመስል ነበር? እኔም እነግረዋለሁ።

ስለ ሞተር ሌላውን ግማሽ ያወቅሁት አዲስ አበባ ነው። የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ዓመታት ያገለገልኩት በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሲነዳ የወደቀ ስንት ጎረምሳ ተቀብያለሁ! ክርኑ አንድ ነገር ሳይሆን ጭንቅላቱ ተከፍቶ ይመጣል። ነጠላዋ ከኋላ ጎማው ውስጥ ገብቶ ጎትቶ የጣላት ሴት አክሜያለሁ። ሜካኒኮች ማርሚታ በሚሉት የጭስ ማውጫ ባታቸውን የተቃጠሉትንማ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም፤ አብዛኞቹ ከኋላ የሚቀመጡት ናቸው። ነጂው ሞተሩን ያውቀዋል፣ መሪውንም ይዟል። ከኋላ ያለው ግን የት እግሩን እንደሚያሳርፍ እንኳ የሚነግረው የለም።

ወደ ልጄ ልምጣ። ትንሹ ልጄ አሜሪካ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አባቱ ሲያርፍ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ስላልተወሰነለት ወጥቶ መምጣት አልቻለም። ቀብሩን ያየው ጎረቤታችን በያዘለት ስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ እንደዋወላለን። የምናወራው ግን ስለ ጤናዬ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዝናቡ ነበር። የአባቱን ስም ለማንሣት ሁለታችንም እንፈራለን፤ እኔ እሱ እንዳያለቅስ፣ እሱ እኔ እንዳላለቅስ። ሞተር መግዛቱን እንኳ አንድ ዓመት ደብቆኛል።

ቪዛዬ ሲፈቀድ፣ እሱ ጋ ሰንብቼ ከኦክላንድ አክስቱ ዘንድ እንዴት እንደምንሄድ ተነሣ። «በባሕሩ መንገድ፣ በሞተር» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ትንሽ ዝም ብሎ «አንቺና አባባ እንደምትሄዱት» አለ። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ እምቢ በይ አለችኝ። እኔ ግን «እስኪ ካርታውን ላክልኝ» አልኩት።

መንገዱ ሀይዌይ 1 ይባላል። የካሊፎርኒያን ዳርቻ ተከትሎ 1,055 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እኛ የምንፈልገው ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ ያለውን ነው። በመሀል አገሩ ፈጣን መንገድ ከኦክላንድ ሎስ አንጀለስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ቀን ይገባል። የባሕሩ ከ700 ይበልጣል። ኩርባው ብዙ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው። የመንገዱ ልብ ቢግ ሰር የሚሉት፣ ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚየን ያለው 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ሜዳ የሚባል ነገር ሳይኖር በቀጥታ ከውቅያኖሱ ይነሣሉ። ኮን ፒክ የተባለው ጫፍ ከባሕሩ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የጨንቻን አቀበት ለማያውቅ ሰው ቁጥር ነው፤ እኔ ግን ገና ሳነበው ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ።

ይህን መንገድ በገደሉ ወገብ ላይ ቆርጦ ለማውጣት 18 ዓመት ያህል ፈጅቶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እስረኞችም በጉልበት ሥራው ተሰልፈውበታል። ፎቶግራፉን ሁሉም ሰው የሚያውቀው የቢክስቢ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1932 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በአንድ የኮንክሪት ቅስት ተደግፎ ከሸለቆው 79 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሻገራል። ልጄ ሥዕሉን ሲልክልኝ «ሚዛንሽን ስትጠብቂ ወደ ታች አትይ» ብሎ ጻፈበት። ወደ ታች ለማየት ካልሆነ ለምን እንደምሄድ አልገባኝም።

ስለ ወሩ ተከራክረናል። እሱ ያሰበው ሐምሌን ነበር፤ እነሱ ዘንድ በጋ ነው፣ ፈቃድም የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ማንበብ ጀምሬ ነበር። በዚያ ዳርቻ የውቅያኖሱ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። በበጋ የመሀል አገሩ ሸለቆ ሲግል ቀዝቃዛው የባሕር አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ዳርቻው በጉም ይሸፈናል። በሐምሌ ሄደን 145ቱን ኪሎ ሜትር ነጭ መጋረጃ እያየን ልንጨርሰው እንችላለን። በክረምታቸው ደግሞ ዝናቡ ይመጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ተራራው ይንሸራተታል። በሁለቱ መካከል ያሉት የእኛ መስከረምና ጥቅምት ናቸው፤ ሰማዩ በአብዛኛው ይጠራል፣ ዝናቡም ገና ነው። «መስቀልን እዚህ ከቤተሰቤ ጋር ውዬ እመጣለሁ፤ በጥቅምት እንሄዳለን» አልኩት። ፈቃዱን ለማዛወር ሁለት ሳምንት ከአለቃው ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ተሳካለት።

ይበልጥ ያወዛገበን የመንገዱ መዘጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማድ ክሪክ በተባለ ቦታ የተራራው ጎን ተንሸራትቶ መንገዱን ቀበረው፤ እስኪከፈት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ከዚያም ወዲህ በሌሎች ቦታዎች ተዘግቷል። ልጄ «እማዬ፣ እዛ ስንደርስ እናያለን» አለኝ። በሣጥኑ ውስጥ በረዶ እየቀለጠ «ስንደርስ እናያለን» ብለን ቢሆን ኖሮ የጨንቻ ልጆች ውሃ ነበር የሚከተቡት! ካርታውን ዘርግቼ አሳየሁት። ከካርሜል በታች ተራራውን አቋርጦ ወደ መሀል አገር የሚወጣው አስፋልት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠባብና ራሱ የሚዘጋ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ከተዘጋ ያለው አማራጭ በመጡበት መመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ደብተሬ ላይ ሁለት መንገድ ጽፌያለሁ። ካልትራንስ የሚባለው የግዛቲቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት የተዘጋውንና የተከፈተውን በየዕለቱ ያሳውቃል፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ሳንበላ እናየዋለን። ከተዘጋ ተራራውን በስተጀርባ ዞረን፣ በሳሊናስ የአትክልት እርሻ መካከል በሚያልፈው 101 ቁጥር መንገድ ወደ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ እንወርድና ከዚያ ባሕሩን ከደቡብ በኩል እንጎበኘዋለን። ቢክስቢ ይቀርብናል፤ ግን በሳን ሲሚየን አቅራቢያ አሸዋ ላይ ተጋድመው የሚተኙትን ግዙፍ የባሕር እንስሳት፣ ኤለፋንት ሲል የሚሏቸውን፣ እናያለን። ይህን የሁለተኛ መንገድ ነገር ልጄ ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። እሱ የሚያየው ድልድዩን ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ መሄዳችን ደግሞ መልካም አጋጣሚ ነው። እዚያም እንደ እኛ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ውቅያኖሱ በእኛ በኩል ይሆናል፣ ዳር ይዘን ለመቆምም መንገድ መሻገር የለብንም።

አሁን ወደ ሰውነቴ። ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ የማረፊያ ቦታውን የሚወስነው የቤንዚን ማደያ ሳይሆን የእኔ ፊኛ ነው። ልጄን ይህን በግልጽ ስነግረው አፈረ፤ ነርስ አታፍርም። በየሰዓቱ እንወርዳለን፣ አሥር ደቂቃ እንራመዳለን። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰዓት ጉልበት አጥፎ መቀመጥ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ከአዲስ አበባ የሚወስደኝ ረጅም በረራ ራሱ ለዚህ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርጄ ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ሞተር ላይ አልወጣም። የሰዓት ልዩነቱ አሥር ሰዓት ስለሆነ የመድኃኒቴንም ሰዓት እስከዚያ አስተካክላለሁ። በቀን ከ220 ኪሎ ሜትር አንበልጥም። መጀመሪያ ሞንተሬይ፣ ቀጥሎ ካምብሪያ፣ ከዚያ ሳንታ ባርባራ እናድራለን፤ በአራተኛው ቀን ሎስ አንጀለስ። ልጄ ሁለት ቀን ይበቃል ብሎ ነበር። እሱ 34 ዓመቱ ነው።

ሐኪሜ፣ የቀድሞ ባልደረባዬ፣ ጉልበቴንና ዳሌዬን መርምሮ «በአንድ እግርሽ ቁሚ» አለኝ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆምኩ። «ሃያ አድርጊውና እንነጋገራለን» አለ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጓሮ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ እግሬን አሻግራለሁ፣ እመልሳለሁ፤ በግራ አሥር፣ በቀኝ አሥር። የልጅ ልጄ በስልክ ሰዓት ትይዝልኛለች። ሃያ ስድስት ደርሻለሁ።

ስለ ልብስ አልደራደርም። ነጠላዬም ጋቢዬም ሻንጣ ውስጥ ናቸው፤ የሚንዘረፈፍ ነገር ሞተር ላይ አይወጣም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ክርንና ትከሻው ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ጓንት። ሄልሜቱ አገጭ የሚሸፍን ይሆናል። የካሊፎርኒያ ሕግ ነጂውንም ከኋላ ያለውንም ሄልሜት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፣ ለተፈናጣጩም የራሱ መቀመጫና የእግር መርገጫ ይጠይቃል። ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ።

ያልወደድኩት ሌላ ሕግ አለ። እዚያ ሞተር በሁለት ረድፍ መኪኖች መካከል ሰንጥቆ ማለፍ ይፈቀድለታል፤ ልጄም በኩራት ነገረኝ። «አንተ ልጅ፣ ሕግ የፈቀደውን ሁሉ እናት አትፈቅድም» አልኩት። «ሁሉም ሰው እኮ ነው የሚያደርገው፣ እማዬ፤ ሎስ አንጀለስ መግቢያው ላይ መኪናው ቆሞ ነው የሚውለው» አለ። «እኛም ቆመን እንውላለን» አልኩት። ሁለት እሁድ ከተከራከርን በኋላ ቃሉን ሰጠኝ፤ ደብተሬ ላይ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ።

ቢግ ሰር ውስጥ በብዙው ቦታ ስልክ አይሠራም። ቤንዚን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ካርሜል ላይ ሞልተን እንነሣለን። በመካከሉ ሆስፒታል የለም። ጨንቻ ሳለን ስልክ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ግን ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሄድንና ስንት ሰዓት መመለስ እንዳለብን ጤና ጣቢያው ያውቃል፤ ከመሸ ሰው ይላካል። ለዚህም ጉዞ ጤና ጣቢያ ያስፈልገን ነበር። የተቆጣችው እህቴ ዘንድ ደወልኩና «ሁለተኛው ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ካምብሪያ ገባን ብለን ካልደወልን ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት የምትደውዪው አንቺ ነሽ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ» አለች። አሁን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምትጨነቀው፤ የማደሪያዎቹን ስልክ ሳይቀር ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋዋለች። የደረስን ቀን በፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከተማዋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው ሠፈር፣ ምሳ ልታበላን ቀጠሮ ይዛለች። ክትፎ ነው ብላለች። ሐኪሜ እንዳይሰማ።

የመድን ዋስትናውን ነገር ለሚመለከተው ሰው ላንሣ። ለጉዞ የሚገዛ የጤና ዋስትና ብዙ ጊዜ ሞተር ብስክሌትን አያካትትም፤ ያንን የሚለው ደግሞ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ክፍል ነው። አንዱ ድርጅት ውስጥ ወጣቱ ሠራተኛ «ሁሉን ይሸፍናል፣ እናቴ» አለኝ። «ከሞተር ኋላ የተቀመጠች የ66 ዓመት ሴትንም?» ብለው ሳቀ። እንዲጽፍልኝ ስጠይቀው ግን አልጻፈም። ሌላ ቦታ ሄጄ፣ ነጂው መንጃ ፈቃድ ካለውና ሄልሜት ከተደረገ እንደሚሸፍን በጽሑፍ የሰጠኝን ያዝኩ። ዋጋው ይበልጣል፤ ግን አሜሪካ ውስጥ አንድ የተሰበረ ዳሌ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ልጄ ከነገረኝ በኋላ አልተከራከርኩም።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ስለ ምልክት እየተነጋገርን ነበር። በሞተር ላይ ነፋሱና ሄልሜቱ ድምፅ አያሰሙም፤ ስለዚህ ከኋላ ያለ ሰው በእጁ ነው የሚናገረው። «የእኔ ምልክት እንዲህ ነው» ብዬ ልጀምር ስል ልጄ ቀደመኝ። «ትከሻ ላይ አንድ ጊዜ መታ ካደረግሽ ቀስ በል፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አቁም።» ከየት አመጣኸው አልኩት። አባቱ ነው ያስተማረው። በሰባት ዓመቱ፣ ጓሯችን ውስጥ፣ የቆመ ሞተር ላይ ከኋላ አስቀምጦ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተነጋገርን፤ ስለ ካርታው የተነጋገርነው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አባቱ ሐይቁን አይቼ እንድነግረው ይጠይቀኝ እንደነበር ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። የቀብሩን ዕለትም አንሥተን ተጫወትን፤ ማን ተናገረ፣ ማን መጣ፣ ስልኩ የተቋረጠው የቱ ላይ እንደነበር።

የቀረን ሄልሜቱ ነው። ልጄ «ልክሽን ላኪልኝ» ስላለኝ በልብስ መስፊያ ሜትር ከቅንድቤ በላይ ዙሪያውን ለካሁት፤ 56 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሹሩባዬን ፈትቼ ነው የለካሁት። ለመስቀል ልሠራ ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ ሠሪዋ ዘንድ ደውዬ ሰርዤዋለሁ።